ስሙን የማያውቁት ዛፍ
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

ዋና ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከአበባ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1886 ከእንጦጦ ግርጌ በፍል ውሃው አጠገብ የተቈረቈረውን ሠፈር «አዲስ አበባ» ብለው መሰየማቸውን ከእናንተ መካከል የማያውቅ የለም። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ዛሬም ብዙዎቻችሁ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤት ስትሄዱ ሾላ ላይ ትሳፈራላችሁ፤ ጉርድ ሾላ ላይ ትወርዳላችሁ፤ እሑድ ደግሞ ወይራ ሠፈር ዘመድ ትጠይቃላችሁ። ነገር ግን ሾላ የተባለው ዛፍ ቅጠሉ ምን እንደሚመስል፥ ፍሬውንም ከየት ላይ እንደሚያወጣ ብትጠየቁ ስንቶቻችሁ ትመልሳላችሁ? እኔ ራሴ ከጥቂት ጊዜ በፊት ብጠየቅ ኖሮ አፍሬ ዝም ማለቴ የማይቀር ነበር። ከብዙው ሠፈር ዛፉ ሄዷል፤ ስሙ ግን ታርጋ ላይ ቀርቷል።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ አንድ ትንሽ ጉዳይ ነው። ለመሥሪያ ቤት ሥራ ወደ ሸዋ ሮቢት በወረድሁ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ነበር የወንድሜን ልጅ ይዤው ሄድሁ። ልጁ ዕድሜው 15 ዓመት ነው፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፥ በትምህርቱም የሚመሰገን ነው። በመንገዳችን ላይ አንዱ ጎማ ተንፍሶ ሾፌሩ እስኪለውጥ ድረስ ከአንድ የእርሻ አጥር አጠገብ ቆምን። ሙቀቱ ብርቱ ነበርና ዝንቡ አላስቆም ስላለው ልጁ ዝንብ መከላከያ ይሆነው ዘንድ ከአጥሩ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቅርንጫፍ ቀነጠሰ። ወዲያው ፍየል የሚጠብቅ እኩያው የሆነ ልጅ ከሜዳው እየሮጠ መጥቶ ቅርንጫፉን ከእጁ መንጭቆ ጣለው። «ተው! ዓይንህን ያጠፋሃል! ቅንጭብ እኮ ነው!» አለው። እንደ ተባለውም ከተቀነጠሰው ጫፍ ላይ ነጭ ወተት ይንጠባጠብ ነበር። የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ የገባ እንደ ሆነ ብርቱ ሥቃይ እንደሚያመጣና ብርሃን እስከ መጋረድ እንደሚደርስ ሐኪሞችም የሚመሰክሩት ነው።

የወንድሜ ልጅ እጁን ታጥቦ ከተረጋጋ በኋላ ከእረኛው ጋር ወዳጅ ሆነ። እኔም ለጨዋታ ያህል፥ «እስቲ ከዚህ የሚታየውን ዛፍ ሁሉ በየስሙ ንገረን» አልሁት። «እሺ ጋሼ» ብሎ ጀመረ። ይህ ግራር ነው፤ ያ ቁርቁራ ነው፥ ፍሬው ይበላል፤ ያኛው በደኖ ነው፤ ከወንዙ ዳር ያለው ሮቃ ነው፤ ከአለቱ ሥር ያለው እሬት ነው፤ እያለ እስኪደክመን ድረስ ቈጠረልን። አንዱ ለፍየል እንደሚሆን፥ ሌላው ለመፋቂያ፥ ሌላው ለአጥር፥ ሌላው ለምሰሶ እንደሚመረጥ ሳይደናቀፍ አስረዳን። ጠዋት ጠዋት ይማር እንደ ሆነ ጠይቄው እንደሚማር ነገረኝ። «ታዲያ ይህን ሁሉ እንደምታውቅ መምህርህ ሰምቶ ያውቃልን?» ብለው ልጁ ሣቀብኝ። «ይህ እኮ በፈተና አይመጣም ጋሼ!» አለኝ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ይህ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። በአንድ ወገን ዕፅዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ በቃሉ የሚያነበንብ፥ ነገር ግን በእጁ የያዘውን የማያውቅ ልጅ አለ። በሌላው ወገን በእጁ የነካውን ሁሉ የሚያውቅ፥ ነገር ግን ዕውቀቱ ዕውቀት መሆኑን ማንም ያልነገረው ልጅ አለ። ሁለቱም የአንድ አገር ልጆች ናቸው። እንዲህ ሊለያዩ የቻሉት እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የይፋትን ቆላ ታሪክ መለስ ብሎ መመልከት ይጠቅማል።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ይደርሳል። በዚያ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ ያልፍና ወደ ደብረ ሲና ቍልቍል ይወርዳል። በላይ ብርድ የሚችሉት አስታና ጅባራ ናቸው። ጥቂት ወረድ ሲል ወይራና ገብስ፥ ከዚያም ጤፍ፥ ከዚያም ማሽላ ይቀበሉታል። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጕዞ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ዙሪያውም ግራርና ቁርቁራ፥ ማንጎና ፓፓያ ሆኗል። በሌላ አገር የብዙ ቀን መንገድ የሚጠይቀውን የዕፅዋት ለውጥ ሰው በዚህ በግማሽ ቀን ያየዋል። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሕዝብ ዕፅዋትን ካላወቀ ሊኖር አይችልም ነበር።

የይፋት ስም በታሪክ ጐልቶ የሚታየው ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኖች ከተራራው ግርጌ እስከ ዘይላ ወደብ የሚደርሰውን የንግድ መንገድ ይዘው ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ዐረባዊ ጸሐፊ አል ዑመሪ አገሩን በዓይኑ ሳያይ ከዘይላ ሰዎች ጠይቆ በጻፈው መጽሐፍ የይፋትን አዝርዕት ሲያነሣ ጫትንም ይጠቅሳል፤ እንቅልፍን እንደሚያርቅና አእምሮን እንደሚያነቃ ይነገር እንደ ነበረም ይገልጻል። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ደግሞ በ1332 ስለ ተደረገው ጦርነት ሲተርክ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን ድል ባደረግሁ ጊዜ በንጉሡ መናገሻ ጫት እተክላለሁ ብሎ እንደ ዛተ ያወራል።

ይህን ዛቻ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ያ ሰው አገሩን ገንዘብ ማድረጉን ለማስታወቅ የመረጠው ምልክት ተክል ነው። በዚያ ዘመን አንድ ሰው በደጁ የተከለው ነገር ማን መሆኑን፥ ከማን ወገን መሆኑን፥ ምን እንደሚወድ ይናገር ነበር ማለት ነው። ተክሉን አይቶ የማይለይ ሰው ዛቻውንም ባልተረዳው ነበር። ዛሬም በይፋት ተዳፋት የሚኖሩት አርጎባዎች ጥጥ ፈትለው በመሸመን፥ ጫትና እህል በማምረት የታወቁ ናቸው።

ከዚያ አምስት መቶ ዓመት በኋላ የሸዋ መናገሻ ከይፋት ቆላ በላይ አንኮበር ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በነገሡበት ዘመን፥ በ1841፥ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ መጣ። ከጓዱም ጋር ሮት የሚባል የተፈጥሮ ሊቅ ነበረ። በ1876 ደግሞ አንቲኖሪ የተባለው ጣሊያናዊ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ በሰጡት በሌት ማረፊያ ተቀመጠ፤ በ1882 በዚያው ሞተ። እነዚህና የእነዚህ መሰሎች የአገራችንን ዕፅዋትና እንስሳት እየሰበሰቡ ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክር ላኩ። ሥራቸው ለሳይንስ የጠቀመ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በማያውቁት ገደልና ጫካ የመሯቸው፥ የትኛው ቅጠል መርዝ የትኛው መድኃኒት እንደ ሆነ የነገሯቸው የአገሬው ሰዎች ስማቸው ብዙውን ጊዜ በመጽሐፍ አልገባም።

የኮሶን ነገር ለምሳሌ ላንሣ። አያቶቻችን ለስንት ዘመን በአበባው ሆዳቸውን ያሻሩበትን ይህን ዛፍ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በመጽሐፉ ከገለጸው በኋላ በ1791 ግሜሊን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሐጌኒያ ብሎ ሰየመው። ስሙ የተወሰደው በፕሩሲያ ይኖር ከነበረ ሐገን ከሚባል ባለመድኃኒት ነው። ይህን የምለው ቅሬታ ለማሰማት አይደለም፤ የሳይንስ ስም ለዓለም ሊቃውንት ሁሉ መግባቢያ የሚሆን ነው። ነገር ግን ልጃችን ሐጌኒያ የሚለውን ስም ለፈተና አጥንቶ ኮሶ የሚባለውን ዛፍ በመንገድ ሲያየው ካላወቀው፥ ስሙ ከዛፉ ተለይቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ዕውቀት በጥንቱ ዘመን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው እንዴት ነው? ማንም ሰው ወጣቶችን ሰብስቦ «ዛሬ ስለ ዕፅዋት እንማራለን» አላላቸውም። የሚማሩት በሥራ ነበር። ወንዱ ልጅ ፍየል ሲጠብቅ ከብቱ የሚወደውንና የሚነፋውን ይለያል። አባቱ ሞፈርና ቀንበር የሚሆን እንጨት ቍረጥ ብሎ ሲልከው ጠንካራውን ከሚሰነጠቀው ይለያል፤ ቢሳሳት ሞፈሩ በእርሻ መካከል ተሰብሮ ይወቀሳል። ልጃገረዲቱ የወተቱን ዕቃ ለማጠን ወይራና ጥንጁት ትፈልጋለች፤ ክረምቱ ሲወጣ በደጋውና በወይና ደጋው ያሉት ከጓደኞቻቸው ጋር ወጥተው ለስፌት የሚሆነውን ስንደዶና አክርማ ይነቅላሉ፤ ለእንቍጣጣሽ እንግጫና አደይ አበባ ይይዛሉ። የቄስ ተማሪው ቀለሙን ከቅጠልና ከጥላሸት ይበጠብጣል፤ የቁርአን ተማሪውም ሎሁን የሚጽፍበትን ቀለም ከጥላሸትና ከሙጫ ያዘጋጃል። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም ስለ ዕፅዋት ፍቅር አልተሰበከለትም። ኀላፊነት ስለ ተሰጠው ብቻ ተመለከተ፤ ስለ ተመለከተ ለየ፤ ስለ ለየ ወደደ።

በይፋት ቆላ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ እርሱም ማማ ነው። ማሽላው እሸት በያዘ ጊዜ ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ደመና ሆኖ ይመጣል፤ ያልተጠበቀ ማሳ በአጭር ጊዜ ባዶ አገዳ ይሆናል። ስለዚህ በማሳው መካከል በእንጨት ከፍ ያለ ማማ ይሠራና ወጣቱ ወንጭፉን ይዞ ከንጋት እስከ ምሽት በላዩ ይቆማል። ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ከማሽላው ራስ ላይ አይነሣም። የትኛው ቀድሞ እንደሚያሸት፥ የትኛውን ወፍ እንደሚጠላው፥ የትኛው ነፋስ እንደሚጥለው ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሲርበው እሸቱን ጠብሶ ይበላል፤ ሲጠማው አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጠውን ጥንቅሽ ይመጥጣል። ለእያንዳንዱም ስም አለው።

እነዚህ ስሞች ምን ያህል ዕውቀት እንደሚሸከሙ የታወቀበት አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሊቃውንት ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በሺሕ የሚቈጠሩ የማሽላ ዓይነቶችን በላቦራቶሪ ሲመረምሩ ላይሲን የሚባለው ለሰውነት ግንባታ አስፈላጊ የሆነ ንጥረ ነገር ከሌሎቹ እጅግ የበለጠባቸው ሁለት ዓይነቶች አገኙ፤ ግኝታቸውንም በ1973 አሳተሙ። ሁለቱም የመጡት ከይፋት በስተሰሜን ካለው ከወሎ ነበር። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያሉትን ማሽላዎች ምን ብሎ ይጠራቸው ኖሯል? አንዱን «ወተት በጕንጬ» ይለው ነበር! ላቦራቶሪ ባይኖረው፥ ላይሲን የሚለውን ቃል ሰምቶ ባያውቅ፥ ይህ ማሽላ ከሌላው ማሽላ የተለየ መሆኑን በጕንጩ መስክሯል፤ ምስክርነቱንም በስም ውስጥ አኑሮ ለልጁ አውርሷል። ስሙ የጠፋ ቢሆን ኖሮ ዘሩም ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ መጥፋቱ የሚቀር አይመስለኝም።

ሕዝቡ ስም የሚያወጣው ለጥንቱ ተክል ብቻ አይደለም። ከውጭ ለመጣውም ያወጣል፤ በስሙም የመጣበትን ዘመን ይመዘግባል። በ1890ዎቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ዛፍ ባሕር ተሻግሮ ስለ መጣ ባሕር ዛፍ ተባለ። በቆሎም በብዙ ቦታ የባሕር ማሽላ ይባላል። በዛሬው ጊዜ ሸዋ ሮቢት የሚያልፍ መንገደኛ የሚገዛው ማንጎ ከእስያ የመጣ ነው፤ ፓፓያው ከአሜሪካ የመጣ ነው። በአካባቢው ይመረት የነበረው ትምባሆም እንዲሁ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለውጭ ገበያ የሚመረተው ማሾም ከሕንድ ወገን ነው። እንዲያውም ያለ እርሱ ወጥ የማንሠራው በርበሬ ከአሜሪካ መገኘት በፊት በአገራችን አልነበረም። ከይፋት በስተምሥራቅ ያለው የአፋር ሕዝብ ደግሞ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአዋሽ ዳር የተተከለውንና ኋላ ግጦሹን ሁሉ የወረረውን ፕሮሶፒስ የተባለ እሾኻም ዛፍ «የደርግ ዛፍ» ብሎ በቋንቋው ጠራው። መንግሥት አለፈ፤ ዛፉ ግን ከነስሙ ቀረ። የዚህን ዛፍ ፍሬ ከብት እየበላ ዘሩን በየሄደበት ስለሚጥለው አዲስ ቡቃያ በማሳው ዳር ብቅ ሲል ቀድሞ የሚያየው እረኛው ነው። እርሱ ካላወቀው ግን አባቱ የሚያውቀው ከተስፋፋ በኋላ ይሆናል። እንግዲህ ዕፅን አይቶ መለየት ለጌጥ የሚሆን ዕውቀት ሳይሆን የአገር ጥበቃ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልመለስ። በ2013 በአንኮበር ወረዳ የመድኃኒት ዕፅዋትን የሚመለከት ጥናት ታትሞ ነበር። ተመራማሪዎቹ የወረዳውን ሰዎች እየጠየቁ ባደረጉት ንጽጽር ከወጣቶች ይልቅ በዕድሜ የገፉት፥ ከተማሩትም ይልቅ ያልተማሩት ብዙ የመድኃኒት ዕፅዋት እንደሚያውቁ አገኙ። የመጀመሪያው አያስደንቅም፤ ሽማግሌ ብዙ ማወቁ የተፈጥሮ ነው። ሁለተኛው ግን ፊደል ለቈጠርን ሁሉ የሚያሳስብ ነው። ልጁ ፊደል ሲቈጥር ቅጠል መቍጠር ይተዋል ማለት ነውን?

ይህ ጉዳይ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። ዋንደርሲና ሹስለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መምህራን በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ ወጣቶች በአካባቢያቸው ያሉትን ዕፅዋት ሳያዩ እንደሚያልፉ ገልጸው ሁኔታውን «ለዕፅዋት መታወር» ብለውታል። የሰው ዓይን የሚንቀሳቀሰውን እንስሳ ቶሎ ያያል፤ የማይንቀሳቀሰውን አረንጓዴ ነገር ግን እንደ ግድግዳ ቀለም ቈጥሮ ያልፈዋል። እንግዲህ የወንድሜ ልጅ ሕመም የዓለም ልጆች ሁሉ ሕመም ነው። ልዩነቱ በእኛ አገር መድኃኒቱ ገና ከሜዳው አለመጥፋቱ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን አንብቦ፥ «እንግዲያስ ልጆቹ ትምህርታቸውን ትተው ፍየል ይጠብቁ ልትለን ነውን?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከእኔ ይራቅ። በማማ ላይ በፀሐይ የሚቃጠለው ልጅ ኑሮ የሚያስቀና አይደለም፤ በግሪሳ ምክንያት ከትምህርቱ የሚቀረውም ልጅ ብዙ ነው። የሀገር ባህል መድኃኒትም ሁሉ ያድናል አልልም፤ ስንት ሰው ያለ ልክ በተወሰደ ቅጠልና ሥር ተጐድቷል። የምለው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ታላቅ ነገር ይወለዳል የሚለው ነው።

ለዚህ ምስክሬ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 ወጣት ተመራማሪ ሳሉ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ለማጥናት ዐድዋ ሄዱ። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። በወንዙ ዳር ሲመላለሱ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። እንዶድን ሴቶቹ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ ቀንድ አውጣው በሽታ አስተላላፊ መሆኑን ግን አያውቁም። በሌላ አገር የተማረ ሊቅ በተቃራኒው ቀንድ አውጣውን ያውቃል፤ እንዶድን ግን እንደ ማንኛውም ቍጥቋጦ ያልፈዋል። አክሊሉ ሁለቱንም የሚያውቁ ስለ ነበሩ አዩ። ለዚህም ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ይህን ሽልማት ካገኙት መካከል የገበሬዎቻችንን ዘር በማሰባሰብና በመጠበቅ የሚታወቁት ዶክተር መላኩ ወረደም ነበሩ። ቢልሃርዚያ በመስኖ ውሃ በሚጠቀሙ ቆላዎች ሁሉ የሚገኝ ነው፤ ሸዋ ሮቢትም ከእነዚህ አንዷ ናት። ያ እረኛ ልጅ ፍየሉን የሚያጠጣበት ወንዝና ዶክተሩ የቆሙበት ወንዝ በነገሩ አንድ ናቸው።

ሌሎችም ደክመዋል። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን የአገራችንን የመድኃኒት መጻሕፍት መርምረው በ1968ና በ1973 አሳትመዋል። አቶ ወልደ ሚካኤል ቀለቻ የዕፅዋትን የአገር ስምና የሳይንስ ስም አንድ ላይ አድርገው በ1977 መዝገብ አውጥተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1980 የጀመሩትን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ በ2009 ፈጽመዋል፤ በውስጡም 6000 ገደማ የዕፅዋት ዓይነቶች ተመዝግበዋል። መጽሐፍ ስለሌለን ነው እንዳንል መጽሐፉ አለ። የጐደለው መጽሐፉንና ሜዳውን በልጁ ልብ ውስጥ የሚያገናኝ ሰው ነው።

ይህ ሰው እናንተ ትሆኑ ዘንድ እለምናችኋለሁ። ከናንተ መካከል በትምህርት፥ በእርሻ፥ በጤና፥ በማዘጋጃ ቤት ሥራ ላይ ያላችሁ ብዙዎች ናችሁ። በ2019 በተጀመረው የችግኝ ተከላ ዘመቻ ብዙ ወጣት በየክረምቱ ችግኝ ይተክላል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የተከለውን ችግኝ ስሙን የሚነግረው ሰው ቢኖር፥ ከተከለ በኋላም ውሃ የማጠጣቱን ኀላፊነት በስሙ ቢሰጠው፥ ያ ልጅ ዛፉን እስኪሸመግል ድረስ አይረሳውም። በትምህርት ቤቱ ግቢ ያሉትን ዛፎች የአገር ስማቸውን እየጠየቁ በሰሌዳ ላይ መጻፍ ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በቤትም ቢሆን ልጃችሁን ገበያ ይዛችሁ ስትሄዱ ዳማከሴውን ከጤና አዳም፥ ፌጦውን ከሰናፍጭ እርሱ ራሱ ለይቶ እንዲገዛ ላኩት። ቢሳሳት ይመለስ፤ ሁለተኛ ጊዜ አይሳሳትም። ዐይን የሚከፈተው ኀላፊነት ሲሰጠው መሆኑን የማማው ልጅ አስተምሮናልና።

የጀመርሁትን ነገር ልጨርስ። ሾፌሩ ጎማውን ለውጦ ጥሩምባ ሲነፋ የወንድሜ ልጅ ከእረኛው ጋር አለት ላይ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። እረኛው የዛፎቹን ስም ይነግረዋል፤ እርሱም በደብተሩ ይጽፋል፤ ከየስሙ አጠገብ አንዳንድ ቅጠል ያጣብቃል። ሊለያዩ ሲሉ እረኛው፥ «ለእኔም ገልብጥልኝ» አለው። ምን እንደሚያደርግለት ብጠይቀው ቀና ብሎ አየኝና፥ «ለመምህራችን ላሳየው ነዋ» አለኝ። የወንድሜ ልጅ አንዱን ገጽ ገልብጦ ሰጠው። በዚያ ገጽ ላይ 23 ስም ነበር፤ የመጀመሪያውም ቅንጭብ ነው።

በመመለሻችን አዲስ አበባ ስንገባ ጉርድ ሾላ ደረስን። ልጁ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፥ «ጋሼ፥ ሾላው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በሚመጣው እሑድ ሄደን እንደምንፈልግ ቃል ገባሁለት። እናንተም፥ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ በየሠፈራችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንዲህ ብታደርጉ ድካሜ ከንቱ አልሆነም እላለሁ።